የሚጥል ሕመምና የአንጎል ምስል ምርመራ፦ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የሚጥል ሕመም መነሻው አንጎል የሆነና በሕክምና ሊቆጣጠሩት የሚቻል የጤና ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 80 በመቶ የሚጠጉት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ይገኛሉ። ድርጅቱ ጨምሮ እንደሚያስረዳው፣ በአግባቡ ተመርምረው ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ታካሚዎች ሕመሙ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ።

ይህ ሆኖ ሳለ ወደ ጤና ተቋም ዘግይተው የሚመጡ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ከዘገዩባቸው ምክንያቶች አንዱ «አንጎሉ በመሣሪያ ካልታየ ሕክምና አይጀመርም» የሚለው አመለካከት ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ለኤምአርአይ የሚሆን ገንዘብ እስኪያጠራቅሙ ድረስ ወራት ይቆጥራሉ፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ ታማሚው እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ በመውደቅ ለከፋ ጉዳት ሊዳረግ ይችላል። ሌሎች ደግሞ ምርመራውን አሠርተው ውጤቱ «ምንም ችግር የለም» ሲላቸው መድኃኒቱን ያቋርጣሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው። ይህ ጽሑፍ የአንጎል ምርመራዎች ምን እንደሚያሳዩ፣ መቼ እንደሚያስፈልጉ፣ ለምርመራ የሚሄድ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ እንዲሁም በምርምር ላይ እንዲሳተፍ የተጠየቀ ሰው ምን መብት እንዳለው ያብራራል።

የሚጥል ሕመም ምንድን ነው?

የአዋቂ ሰው አንጎል በአማካይ 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በውስጡ 86 ቢሊዮን የሚገመቱ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚገናኙትም በጥቃቅን የኤሌክትሪክና የኬሚካል መልእክቶች አማካይነት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በድንገት፣ በአንድ ጊዜና ከመጠን በላይ መልእክት ሲለቁ ሕመሙ ይነሳል። የሚታየው ምልክት መነሻ በሆነው የአንጎል ክፍል ይወሰናል። አንዳንዱ ታማሚ ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ሳይወድቅ ለጥቂት ሰኮንዶች ፈዝዞ ይቀራል፤ አንድ እጁ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ሳያውቀው ከንፈሩን እያላመጠ ልብሱን ይነካካል። ስለዚህ የሚጥል ሕመም ሁልጊዜ «የሚጥል» ላይሆን ይችላል። በትምህርት ክፍል ውስጥ በየጊዜው የሚፈዝ ልጅ ሰነፍ ከመባሉ በፊት በጤና ባለሙያ ሊታይ ይገባዋል።

በአጠቃላይ አንድ ሰው የሚጥል ሕመም አለበት የሚባለው፣ በቅርብ የተከሰተ ግልጽ አነሳሽ ምክንያት ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ በሆነ ልዩነት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሕመሙ ሲነሳበት ነው። በከፍተኛ ትኩሳት ምክንያት አንድ ጊዜ የተንቀጠቀጠ ሕፃን የግድ የሚጥል ሕመም አለበት አይባልም፤ ነገር ግን ትኩሳቱ የማጅራት ገትር ወይም የወባ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ መመርመር አለበት።

ለሕመሙ መነሻ ከሚሆኑት መካከል በወሊድ ጊዜ የደረሰ የአንጎል ጉዳት፣ የጭንቅላት አደጋ፣ የማጅራት ገትር፣ አንጎልን ያጠቃ ወባ፣ ስትሮክ፣ የአንጎል ዕጢ እና በዘር የሚተላለፉ ሁኔታዎች ይገኙበታል። በበርካታ ታካሚዎች ላይ ግን መነሻው በምርመራም ላይታወቅ ይችላል። ሕመሙ በትንፋሽ፣ በምራቅ፣ በመነካካት ወይም አብሮ በመብላት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በአገራችን የተደረገ ጥናት ያስገነዘበው

በኢትዮጵያ ስለ ሕመሙ ያለን እውቀት ትልቅ መሠረት የተጣለው በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ ቤት ለቤት በመዘዋወር 60,820 ሰዎች ተዳሰው 316 ሰዎች የሚጥል ሕመም እንዳለባቸው ተረጋግጧል። ይህም ከ1,000 ሰዎች መካከል 5.2 ያህሉ ማለት ነው። በዚያው አካባቢ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ተከታይ ጥናት ደግሞ በየዓመቱ ከ100,000 ሰዎች መካከል 64 ያህሉ በሕመሙ እንደሚያዙ ታውቋል።

ጥናቱ ከቁጥሩ ባሻገር ሁለት ነገሮችን አስገንዝቧል። አንደኛው፣ ሕመሙ የተደበቀ እንጂ ያልነበረ አለመሆኑን ነው፤ ከታማሚዎቹ መካከል ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሁለተኛው፣ ሕመሙን ለይቶ ለማወቅ ዋናው መሣሪያ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ጥያቄና የሠለጠነ ባለሙያ መሆኑን ነው። ታማሚዎቹ በመጀመሪያ የተለዩት ደጃቸው ድረስ ሄዶ በመጠየቅ ነበር።

ምርመራው የሚጀመረው በጥያቄ ነው

ሕመሙ ሲነሳ ታማሚው ብዙውን ጊዜ የሆነውን አያስታውስም። በመሆኑም ለሐኪሙ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ የሚጠቅመው የዓይን ምስክር ቃል ነው። ሕመሙ ሲነሳ ያየ ሰው ከታማሚው ጋር ወደ ጤና ተቋም መምጣት አለበት። የሚከተሉትን ማስተዋልና ማስታወስም ይጠቅማል፦

• ሕመሙ ከመነሳቱ በፊት ታማሚው ምን ያደርግ ነበር? ያልተለመደ ሽታ፣ ፍርሃት ወይም የሆድ ስሜት ነበረው?
• መንቀጥቀጡ የጀመረው ከየትኛው የሰውነት ክፍል ነው? በአንድ ጎን ነው ወይስ በሁለቱም?
• ዓይኑ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ?
• ስንት ደቂቃ ቆየ?
• ምላሱን ነክሷል? ሽንት አምልጦታል?
• ወደ ራሱ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ወሰደበት?

የታማሚው ደኅንነት ከተጠበቀ በኋላ በተንቀሳቃሽ ስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮም ለሐኪሙ ከፍተኛ እገዛ ያደርጋል። ቪዲዮው ለሐኪም ብቻ መታየት ይኖርበታል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ማሠራጨት የታማሚውን ክብር መንካት ነው።

ሦስቱ የአንጎል ምርመራዎችና ልዩነታቸው

ኢኢጂ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጭንቅላት ላይ ይህን እንቅስቃሴ መዝግቦ ውጤቱን በ1929 አሳትሟል። በምርመራው ጊዜ ኤሌክትሮድ የሚባሉ ትናንሽ ብረቶች የራስ ቅል ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ። መሣሪያው ከአንጎል የሚወጣውን ይመዘግባል እንጂ ወደ አንጎል ምንም ኤሌክትሪክ አይልክም፤ አያምምም። ኢኢጂ የሕመሙን ዓይነት ለመለየት ይረዳል። ነገር ግን ምርመራው የሚይዘው በዚያች አጭር ጊዜ የታየውን ብቻ ስለሆነ፣ የሚጥል ሕመም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ በመጀመሪያው ምርመራ ምልክቱ ላይታይ ይችላል።

ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር አማካይነት አንጎልን በስስ በስሱ እየቆረጠ የሚያሳይ የምስል ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ታካሚ በዚህ መሣሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ከተማ ሲሆን፣ መሣሪያውን የሠራው ጎድፍሪ ሐውንስፊልድ ከአለን ኮርማክ ጋር በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሲቲ ስካን በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል። የደም መፍሰስን፣ የራስ ቅል ስብራትን፣ ትልልቅ ዕጢዎችንና የውኃ መከማቸትን ፈጥኖ ስለሚያሳይ ለድንገተኛ ሕክምና ተመራጭ ነው።

ኤምአርአይ ጨረር አይጠቀምም፤ የሚሠራው በኃይለኛ መግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ለዚህ ምርመራ መሠረት የሆነውን ግኝት ያበረከቱት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኤምአርአይ የአንጎልን ለስላሳ ክፍሎች ከሲቲ ስካን በተሻለ ዝርዝር ያሳያል። በተለይ በጆሮ ግንድ በኩል በሚገኘው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለ ትንሽ ጠባሳን ወይም ከመወለድ በፊት የተፈጠረ የአንጎል ሽፋን መዛባትን ለመለየት ያስችላል። ምርመራው እንደየሁኔታው ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ሦስቱ ምርመራዎች አንዱ የሌላውን ቦታ አይተኩም። ኢኢጂ የአንጎልን ሥራ ያሳያል፤ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ደግሞ የአንጎልን ቅርጽና ይዘት ያሳያሉ። ከሦስቱ አንዳቸውም ሕመሙን አያድኑም።

የምስል ምርመራ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የምስል ምርመራ በአስቸኳይ የሚያስፈልገው በሚከተሉት ሁኔታዎች ነው፦

• ሕመሙ የተነሳው ከጭንቅላት አደጋ በኋላ ከሆነ፤
• ታማሚው በአንድ ጎኑ እጅና እግሩ ከደከመ፣ አፉ ከተጣመመ ወይም ንግግሩ ከተበላሸ፤
• ከወትሮው የተለየ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ወይም የማይቆም ትውከት ካለው፤
• ሕመሙ ካለፈ በኋላም ወደ ራሱ ካልተመለሰ፤
• የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም ሕመም ወይም ካንሰር እንዳለበት ከታወቀ።

አስቸኳይ ባይሆንም፣ ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በጎልማሳነት ወይም በእርጅና ዕድሜ ሲነሳ፣ ምልክቱ ከአንድ የአንጎል ክፍል እንደሚነሳ ሲያመለክት፣ ወይም መድኃኒት በአግባቡ እየተወሰደ ሕመሙ አልቆም ሲል ሐኪሙ ኤምአርአይ ሊያዝ ይችላል።

ከዚህ ውጪ በባለሙያ ግልጽ የሆነ የሚጥል ሕመም እንዳለበት የተረጋገጠ ሰው የምስል ምርመራ እስኪያገኝ ድረስ ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም። ፌኖባርቢታልን የመሳሰሉ ለረጅም ዘመን ያገለገሉና ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆነ መድኃኒቶች አሉ፤ ሕክምናውም በሠለጠነ የጤና ባለሙያ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊጀመር ይችላል።

«ምንም ችግር የለም» የሚል ውጤት ምን ማለት ነው?

ብዙ የሚጥል ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሲቲ ስካንም ሆነ የኤምአርአይ ውጤታቸው ጤናማ ነው። ይህ ማለት በአንጎል ውስጥ ዕጢ፣ ጠባሳ ወይም የደም መፍሰስ አልታየም ማለት እንጂ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። በአንጻሩም በምስሉ ላይ የታየ ነገር ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም፤ በጤነኛ ሰዎች አንጎል ላይም ጉዳት የሌላቸው ልዩነቶች ይታያሉ። ስለዚህ የውጤት ወረቀቱን ያዘዘው ሐኪም ከታማሚው ታሪክ ጋር አስተያይቶ እስኪተረጉመው ድረስ መድኃኒት መጀመርም ሆነ ማቆም አይገባም።

ለምርመራው ዝግጅት

ለኢኢጂ፦ ከምርመራው በፊት ፀጉር በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት። ቅቤ፣ ቅባት ወይም ጄል የተቀባ ፀጉር ኤሌክትሮዱ በደንብ እንዳይያዝ ያደርጋል። ሹሩባ የተሠራች ታካሚ ሹሩባውን መፍታት ያስፈልጋት እንደሆነ ቀድማ ብትጠይቅ ይመረጣል። ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር ምግብም ሆነ መድኃኒት አይቋረጥም። አንዳንድ ጊዜ ታካሚው ከምርመራው በፊት በነበረው ሌሊት ጥቂት ብቻ እንዲተኛ ሊታዘዝ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አስታማሚ አብሮት መምጣት አለበት።

ለሲቲ ስካን፦ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ቀድማ ማሳወቅ ይኖርባታል። ምስሉን የሚያጎላ «ኮንትራስት» የሚባል ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ፣ የኩላሊት ችግር ወይም ቀደም ሲል በዚሁ ፈሳሽ የተነሳ አለርጂ ያለበት ሰው ለባለሙያው መንገር አለበት።

ለኤምአርአይ፦ መግነጢሱ ሁልጊዜ እየሠራ ስለሆነ ብረት ይዞ ወደ ክፍሉ መግባት ለሕይወት አስጊ ነው። የአንገት መስቀል፣ ሐብል፣ በብረት የተለበጠ ክታብ፣ የፀጉር ሹካ፣ ቁልፍ፣ ስልክና የባንክ ካርድ ውጪ ይቀመጣሉ። በልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ ማያያዣ፣ በዓይን ውስጥ የገባ የብረት ብናኝ፣ እንዲሁም በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ያለበት ሰው ይህን ሳይናገር ወደ መሣሪያው መግባት የለበትም። ጉዳቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የደረሰ ቢሆንም መናገር ያስፈልጋል። መሣሪያው ከፍተኛ ድምፅ ስላለው የጆሮ መከላከያ ይሰጣል። ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ሰው ቀድሞ ቢናገር ባለሙያው ይረዳዋል። ለትንንሽ ሕፃናት ማስተኛ መድኃኒት ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብ የሚቆምበት ሰዓት በጥብቅ መከበር አለበት።

መድኃኒቱን ስለ መቀጠል

መድኃኒቱ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መወሰድ አለበት። ሕመሙ ቆመ ተብሎ በድንገት ማቋረጥ ተከታታይና የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ ለሞትም ሊያበቃ ይችላል። ፀበል የሚጠመቅም ሆነ ዱዓ የሚያደርግ ሰው መድኃኒቱን ከእምነቱ ጋር አብሮ መቀጠል ይችላል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። በጾም ወቅት የመድኃኒቱን ሰዓት ስለ ማስተካከል ሐኪሙን አስቀድሞ ማማከር ይገባል። እንቅልፍ ማጣትና አልኮል መጠጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ።

ልጅ ለመውለድ የምታስብ ታካሚ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት። በተለይ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለው መድኃኒት በፅንሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ሐኪሙ ሌላ አማራጭ ይመለከታል። ሆኖም አርግዣለሁ ብላ በራሷ ውሳኔ መድኃኒቱን ማቆም የለባትም።

በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና በአግባቡ ተወስደው ሕመሙ ካልቆመ፣ ታካሚው ወደ ነርቭ ሐኪም መላክ አለበት። ኤምአርአይ ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ሕመሙ ከአንድ ጠባሳ የሚነሳ ሆኖ ከተገኘ፣ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ በቀዶ ሕክምና ሊታከም ይችላል።

በአንጎል ምርምር ላይ መሳተፍ

ተመራማሪዎች አንጎልን ለመረዳት ምስል በስፋት ይጠቀማሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በደም ውስጥ ባለው ኦክስጅን ለውጥ አማካይነት ሥራ ላይ ያለውን የአንጎል ክፍል በኤምአርአይ ማየት የሚቻልበትን መንገድ አሳይተዋል። በቅርብ ዓመታትም ዝቅተኛ የመግነጢስ ኃይል ያላቸውና ታካሚው አልጋ ድረስ የሚወሰዱ አነስተኛ የኤምአርአይ መሣሪያዎች እየተሞከሩ ነው። የምስላቸው ጥራት ከትልልቆቹ ያነሰ ቢሆንም፣ መሣሪያ በማይገኝባቸው አካባቢዎች አገልግሎቱን ለማስፋት ተስፋ ተጥሎባቸዋል።

በሆስፒታል ወይም በዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ እንዲሳተፍ የተጠየቀ ማንኛውም ሰው የሚከተሉት መብቶች አሉት፦

• የጥናቱ ዓላማ፣ የሚወስደው ጊዜና ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት በሚገባው ቋንቋ ሊብራራለት፤
• ጥናቱ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቁን ሊጠይቅ፤
• አልሳተፍም ሊል፣ ከጀመረም በኋላ ምክንያት ሳይሰጥ ሊያቋርጥ፤ በዚህም ምክንያት መደበኛ ሕክምናው ሊጓደልበት አይገባም፤
• ስሙና ምስሉ በምስጢር ሊጠበቅለት፤
• በምስሉ ላይ ያልታሰበ ችግር ቢታይ እንዴት እንደሚነገረው አስቀድሞ ሊያውቅ።

ለምርምር የሚነሳ ምስል ለሕክምና ከሚነሳው የተለየ ሊሆን ይችላል። በጥናት ላይ ተሳትፌ ምንም አልተባልኩም ብሎ ራስን እንደ ተመረመረ መቁጠር አይገባም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የመጀመሪያው መድረሻ በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መንገዱን ታሳያለች። ጤና ጣቢያው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ብሎ ሲያምን የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቁ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ቢሄዱ ሽፋኑን ሊያጡ ስለሚችሉ ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው።

ወደ ሆስፒታል ሲኬድ የሪፈር ወረቀት፣ የመድን መታወቂያ፣ የሚወሰደው መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ቀደም ሲል የተነሱ ፊልሞችና የውጤት ወረቀቶች፣ እንዲሁም ሕመሙ የተነሳባቸው ቀናት የተመዘገቡበት ማስታወሻ መያዝ አለበት። የቀድሞ ውጤት ይዞ መምጣት ያንኑ ምርመራ በድጋሚ ከመክፈል ያድናል።

ሕመሙ ሲነሳ ምን ማድረግ ይገባል?

ታማሚውን ከእሳት፣ ከውኃና ከመንገድ ማራቅ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፤ የጠበቀ ልብሱን ማላላት፤ በጎኑ ማስተኛትና ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ በአፉ ውስጥ ማንኪያ ወይም ጣት መክተት፣ ውኃ ማጠጣትና አጥብቆ መያዝ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። ሕመሙ ስለማይተላለፍ እሳት ላይ የወደቀን ሰው ለማንሳት ማንም ማመንታት የለበትም።

መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ታማሚው ሳይነቃ ከደገመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ጉዳት ከደረሰበት ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳበት ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2031 በሚቆየው ዓለም አቀፍ የነርቭ ሕመሞች የድርጊት መርሐ ግብር፣ የሚጥል ሕመም ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶዎቹ ሕመማቸው ሊታከም እንደሚችል እንዲያውቁ፣ 80 በመቶዎቹ መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከሚታከሙት መካከልም 70 በመቶዎቹ ሕመማቸው በቁጥጥር ሥር እንዲውል ግብ ይዘዋል። በዚህ ግብ ቅድሚያ የተሰጠው ለማወቅ ነው። በቤቱ ወይም በጎረቤቱ የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሁሉ፣ ታማሚው ምስል እስኪነሳ ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል።